«ሰላም» ብላችሁ አትጥፉ

አሁን ሥራ የምትጀምሩ ልጆች፣ አንድ ያመለጣችሁ መከራ አለ፤ ፍላሽ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መዞር። ሰነዱ መጀመሪያ «ፋይናል» ይባላል፣ ከዚያ «ፋይናል 2»፣ ከዚያ «የመጨረሻው ፋይናል»፣ የትኛው ትክክለኛው እንደሆነ የሚያውቀው ግን ያን ቀን ፈቃድ የወጣው ሰውዬ ነው። ፍላሹ ጭኖ የሚመጣው ቫይረስ ደግሞ ሳይቆጠር! እሱ ቀርቷል፣ እሰየው።

ለእኛ ኮድ ለምንጽፈው ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2005 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሠሪዎች የኮድ ለውጥ የሚመዘግቡበትን ቢትኪፐር የሚባለውን መሣሪያ በነጻ መጠቀማቸው ሲቀር፣ የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ቁጭ ብሎ ለዚያው ሥራ ጊትን ጻፈ። የጊት ብልሃቱ የሥራው ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ ሰው ላፕቶፕ ላይ መቀመጡ ነው። ኔትወርክ ቢጠፋም ኮሚት ታደርጋላችሁ (ለውጡን ከአጭር ማስታወሻ ጋር ትመዘግባላችሁ)፣ ሲመጣ ፑሽ ነው (ወደ ጋራው ቦታ መላክ)። ለእኛ አገር ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። በ2008 የጊት ሥራዎች ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጡበት ጊትሃብ ተከተለ፤ አይታችሁት የማታውቁት ሰው የጻፋችሁትን መስመር በመስመር እያየ «ይሄ ለምን?» ማለቱ ተለመደ። «ስላክ» የሚባለው የቡድን መነጋገሪያም በ2013 ከመውጣቱ በፊት አንድ የጌም ኩባንያ በተለያየ ከተማ ላሉ ሠራተኞቹ የሠራው የውስጥ መነጋገሪያ ነበር። ጌሙ ከሰረ፣ መነጋገሪያው ገበያ ወጣ።

ሁሉም አንድ ነገር አድርገዋል፤ ሥራውን ወደ ጽሑፍ አምጥተውታል። ድሮ ጎበዝ የሚባለው ስብሰባ ላይ መናገር የሚችለው ነበር። ዛሬ ዝምተኛውም ልጅ ደህና አድርጎ ከጻፈ ሥራው ይታይለታል፣ እኔ በዚህ በጣም ደስ ይለኛል። ስለዚህ መጻፍ ተማሩ። ኮሚቱ ላይ «ተስተካክሏል» ብላችሁ አትለፉ። ምኑ? ለምን? ሌሊት ሲስተሙ ሲወድቅ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ያቺን መስመር የሚያነብ ሰው አለ።

አብዛኛው ቡድናችን የሚሠራው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፣ ክፋት የለውም። ግን የደንበኛው ውሳኔ ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ስቲከር እና ከሠርግ ፎቶ መሀል ይቀበራል፣ በሳምንቱ ማንም አያገኘውም። ይባስ ብሎ የድምፅ መልእክት አለ። አራት ደቂቃ ሙሉ «እ... እንግዲህ...» እያላችሁ የላካችሁትን ነገር ሰው ስብሰባ ላይ ሆኖ አይሰማውም፣ በኋላም ቃል አስገብቶ አይፈልገውም። ውሳኔ ከሆነ ጻፉት፣ ሁሉም የሚያየው አንድ ሰነድ ውስጥ አስገቡት።

ሰላምታችን ደግሞ ረጅም ነው፣ ባህላችን ነው፣ ይኑር። ግን «ሰላም ጋሼ» ይላል ልጁ በጠዋት። «ሰላም፣ እንደምን አደርክ» እለዋለሁ። ዝም። ከምሳ በኋላ «ደህና ነዎት?» ይመጣል። ጥያቄው የሚደርሰኝ ልወጣ ቦርሳዬን ስይዝ ነው! አንዲት ልጅ ግን እንዲህ ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ እንደምን ዋሉ። የክፍያው ገጽ ከትናንት ማታ ጀምሮ ደረሰኝ አያወጣም። ሰርቨሩን አስነስቼ ሞክሬያለሁ፣ ስህተቱን ከሥር አያይዣለሁ። የትናንቱን ለውጥ ልመልሰው?» «መልሺው» አልኳት፣ አለቀ።

ከውጭ ሰዎች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። «3 ሰዓት እንገናኝ» ስትሉ እናንተ ጠዋት እያሰባችሁ እሱ ከሰዓት ይመዘግባል። በዚያ ላይ እኛ ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ፤ የዋሽንግተኑ ባልደረባችሁ በጠዋቱ የሚገባበት ስብሰባ በጋቸው ላይ ለእኛ 10 ሰዓት ከነበረ፣ ክረምታቸው ሲገባ 11 ይሆናል። ካላንደሩ ላይ አስገቡት፣ እሱ ያስላው።

አንድ ነገር ግን በጽሑፍ አትሞክሩ፤ ጠብ። የተጻፈ ቃል ፊት የለውም፣ «እሺ» ብቻ ብሎ የመለሰላችሁ ሰው ተቆጥቶ ይሁን ታክሲ ውስጥ ሆኖ አይታወቅም። ሁለት ጊዜ ተመላልሳችሁ ካልተግባባችሁ ስልክ ደውሉ፣ ቅርብ ከሆነም ቡና ጋብዙት። ከዚያ ተመልሳችሁ የተስማማችሁበትን ሁለት መስመር ግሩፑ ላይ ጻፉ፣ እዚያ ያልነበሩትም ይወቁት።