ፕሮቲን ጨምሬ ደሜ ላይ ለምን አልታየም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጂም ከጀመርኩ ወዲህ ፕሮቲን በደንብ ጨምሬያለሁ። ጠዋት እንቁላል፣ ከስፖርት በኋላ ዌይ የሚባለው የወተት ፕሮቲን ዱቄት፣ ማታ ሥጋ። በቅርቡ በባዶ ሆዴ የአሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ሲፈጭ የሚሰባበርባቸው ቅንጣቶች) የደም ምርመራ አደረግኩ። ሁሉም ኖርማል ነው ተባልኩ፤ ከፍ ያለው ዩሪያ ብቻ ነው። የበላሁት ፕሮቲን የት ገባ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ውጤት ይዞ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ደሙ መቼ እንደተቀዳ ነው። እርስዎ ሳይበሉ አድረው ነው የሰጡት። ዌይ ጠጥተው ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ቢቀዱ ኖሮ ቁጥሩ ሽቅብ ወጥቶ ያዩት ነበር። ከዚያ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ኬዚን የሚባለው ሌላው የወተት ፕሮቲን ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ስለሚረጋ ቀስ እያለ ይገባል፤ ያን ያህል አይወጣም፣ ግን ለሰዓታት ይቆያል።

ከአንጀት የተነሳው አሚኖ አሲድ በቀጥታ ጉበት ጋ ነው የሚሄደው። ጉበት ብዙውን እዚያው ያስቀረዋል። ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን የሚባሉት ሦስት አሚኖ አሲዶች ግን በአብዛኛው ያልፉታል፤ እነሱን መሰባበር የሚጀምረው ኢንዛይም ጉበት ውስጥ በጣም ጥቂት ነውና። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ሦስቱ ናቸው። ጡንቻ ይቀበላቸዋል።

ትርፉስ? ሰውነት ስብን እንደሚያከማች ፕሮቲንን አያከማችም። የተረፈው ይሰባበርና ናይትሮጅኑ ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል። የጠፋብዎት ፕሮቲን አንዱ መግቢያው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ሰው ምግብ ጨርሶ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እነዚያው ሦስቱ ደም ውስጥ ይጨምራሉ፤ ጡንቻው እየፈረሰ ነው የሚመጡት። ኢንሱሊን በደንብ የማይሠራላቸው ሰዎችም ላይ ከፍ ብለው ይገኛሉ። እና «ቁጥሩ ከፍ ካለ በደንብ በልቻለሁ» ማለት አይቻልም። እባክዎ ገንዘብዎን ለዚህ ምርመራ ደግመው አያውጡ። ምርመራው በጣም የሚያስፈልገው ፌኒልኬቶኑሪያ ለሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር ላለባቸው ልጆች ነው። እነሱ ፌኒልአላኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ በደንብ መሰባበር ስለማይችሉ ከሚበሉት ፕሮቲን የሚመጣው ፌኒልአላኒን ደማቸው ላይ ይከማቻል፤ አእምሯቸውን እንዳይጎዳም በየጊዜው ይለካሉ።

ለእርስዎ የሚሻለው ግራሙን መቁጠር ነው። ለጤናማ አዋቂ የሚመከረው በኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። ክብደት ለሚያነሳ ሰው 1.6 ግራም ገደማ ይበቃል፤ 70 ኪሎ ከሆኑ በቀን 112 ግራም መሆኑ ነው። ዩሪያው ግን ውሃ በማነስም ሊወጣ ስለሚችል ክሬአቲኒንዎን (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ሌላ ቆሻሻ) አብረው ያሳዩ። እሱም ከፍ ካለ ዱቄቱን ያቁሙና ሐኪምዎ ኩላሊትዎን ይይልዎ።