ሚድዋይፍ ነኝ፣ ውርጃ አልሰራም ብል ልክ ነኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ጤና ጣቢያ ውስጥ ሚድዋይፍ ነኝ፣ እስካሁን ማዋለጃ ነበርኩ አሁን ግን ውርጃ ወደሚሰራበት ክፍል ሊመድቡኝ ነው። ሕሊናዬ እምቢ አለኝ፣ ኃላፊዬ ደሞ «እምነትሽን እቤትሽ ትተሽ ነይ» አለችኝ። ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ሃጢያቱ ያዘዘኝ ሰው ላይ ነው?

መልስ፦ ሰላምሽ ይብዛ እህቴ። ከመጨረሻው ልጀምርና «ታዝዤ ነው» ማለት አያስጥልም። ዘጸአት ምዕራፍ 1 ላይ ያሉት ሲፓራና ፉሐ እኮ ያንቺው ሙያ ሰዎች ናቸው፣ ፈርዖን ራሱ ጠርቶ ወንድ ከሆነ ግደሉት ሲላቸው እግዚአብሔርን ፈርተው አልገደሉም። ቤተክርስቲያንም ፅንስን ሆን ብሎ ማጥፋት ነፍስ ማጥፋት ነው ብላ ነው የምታስተምረው፣ ቅዱስ ባስልዮስ በቀኖናው ቅርጽ ይዟል አልያዘም እያልን አንመራመርም ብሎ ዘግቶታል። ስለዚ ሕሊናሽ አልተሳሳተም።

ግን ብዙ ልጆቻችን የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፣ እምቢ የምትይው ድርጊቱን እንጂ ሴትየዋን አይደለም። አንዷ እቤቷ የሆነ ነገር ወስዳ ደም እየፈሰሳት ሌሊት 8 ሰዓት ብትመጣና ፅንሱ ሞቶ ከሆነ «እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ አልነካም» ብትዪ እሱ ነው ሃጢያቱ፣ ከፊትሽ ያለችው ልትሞት የደረሰች እናት ናት። እሷን በኤምቪኤ (በእጅ በሚሰራ የማህፀን መምጠጫ) ማጽዳት ነፍስ ማዳን ነው፣ መሳሪያው ውርጃ ከሚሰራበት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ አያስደንግጥሽ። ሚሶፕሮስቶልም እንደዛው፣ የወለደች ሴት ደም እንዳይፈሳት የሚሰጥ ኪኒን አይደል? ኪኒኑ ምንም አላረገም፣ ለምን ሰጠሽው ነው ጥያቄው።

ስለ ህጉም ሳልነግርሽ አልልክሽም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ተደፍራ ያረገዘች ስትሆን፣ የእናትየው ሕይወት ወይ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ እና በሌሎች አንዳንድ ሁኔታዎች ውርጃ አያስቀጣም ይላል፣ ሕግ አልቀጣም ማለት ግን ቤተክርስቲያን ፈቀደች ማለት አይደለም። በ2006 ዓ.ም የወጣው ደንብ ቁጥር 299 ደሞ የጤና ባለሙያ በግል እምነቱ ምክንያት እንደ ወሊድ መከላከያ፣ ሕጋዊ ውርጃና ደም መስጠት ያሉ አገልግሎቶችን እምቢ ማለት አይችልም የሚል አለበት። ስለዚ «መብቴ ነው» ብለሽ ደረት ነፍተሽ ከመግባትሽ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሪ፣ እምቢታሽ ዋጋ ሊያስከፍልሽ ይችላል።

ዳንኤልን እዪው፣ የንጉሡን ማዕድ አልበላም ሲል ገበታ አልገለበጠም፣ አለቃውን ለምኖ 10 ቀን ፈትነን ነው ያለው። አንቺም ምደባው ሳይጸና አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ክትባት ወይ ቅድመ ወሊድ ክትትል መድቡኝ፣ ማንም የማይፈልገውን የበዓል ተረኝነት እኔ ልግባ በይ። ታካሚዋ አልጋ ላይ ወጥታ እየጠበቀች ግን እምቢ አይባልም። የተደፈረች የ15 ዓመት ልጅ ፊት ቆመሽ እንዳትሰብኪ፣ እባክሽ። «መድሃኒት አልቋል» ብሎ መዋሸት ካርዷን መደበቅ ዞር ብላ ትመለሳለች ብሎ ማጉላላት፣ ይሄ ሁሉ ክርስትና አይደለም፣ ቤት ሄዳ ሌላ ነገር ብትውጥስ? ለኃላፊሽ «እኔ ይሄን አልሰራም» ብለሽ ማሳወቅ በኔ አስተያየት ይበቃል፣ ከዛ ወዲያ ታካሚዋን ማን እንደሚያያት የምትወስነው ኃላፊሽ ናት።

ልልቀቅ ላልሽው፣ ቤትሽን ማን እንደሚያስተዳድር ሳላውቅ ልቀቂ አልልሽም። ዝውውር ጠይቂ፣ ሌላ ቦታ አፈላልጊ፣ ሁሉም እምቢ ካለና በእጅሽ ፈጽሚው ከተባልሽ ግን ያኔ መልቀቁ ይሻላል፣ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚህ በፊት እጅሽን ያስገባሽበት ቀን ካለ ደሞ እሱን እዚህ አትጻፊው፣ ለንስሐ አባትሽ ነው የሚነገረው፣ ንስሐ አባት ከሌለሽ ከፍልሰታ በፊት ያዢ።