ከውሃ ለሚነሳ የሬዲዮ አውሮፕላን የትኛው ፕሮፔለር ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሬዲዮ አውሮፕላኔ 30 ሲሲ የቤንዚን ሞተር አለው። በጎማ ሳበርረው 18 በ10 ፕሮፔለር አርኪ ነበር። በጎማው ፋንታ ፍሎት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን እግር) አስሬለት ጣና ላይ ሳወርደው ግን ሞተሩ እየጮኸ ውሃውን ያርሳል እንጂ አይነሳም። ሞተሩን ላሳድግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሞተሩ ይበቃዎታል፤ የማይሆነው ፕሮፔለሩ ነው። 18 የፕሮፔለሩ ዲያሜትር በኢንች ነው። 10 ደግሞ ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ሳይንሸራተት ቢሄድ ወደፊት የሚራመደው ርቀት። ፒቹ ከፍ ያለ ፕሮፔለር ጥሩ የሚጎትተው አውሮፕላኑ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ነው፤ ገና ሲንቀሳቀስ ብሌዱ (የፕሮፔለሩ ክንፍ) አየሩን ይበጠብጣል እንጂ በቅጡ አይዘውም። ጎማ በሜዳ ላይ ቶሎ ስለሚፈጥን ይህ አይታወቅዎትም። ፍሎት ግን ውሃው አጥብቆ የሚይዘው በትንሽ ፍጥነት፣ ከሆዱ ሥር ባለው እርከን (ደረጃ መሰል ስብራት) ላይ ሊወጣ ሲል ነው።

19 በ8 ይግጠሙ። ሞተሩ ላይ የሚያርፈውን ጭነት ለመገመት ዲያሜትሩን አራት ጊዜ ጽፈው እርስ በርሱ ያባዙ (18×18×18×18)፣ ውጤቱንም በፒቹ ያባዙት፦ 18 በ10 ወደ 1,050,000፣ 19 በ8 ደግሞ ወደ 1,043,000 ይሰጣል። ሞተሩ ልዩነቱን አያውቀውም ማለት ይቻላል፤ መነሻው ላይ ያለው ጉተታ ግን ይጨምራል። በ7,000 ዙር በደቂቃ የ10 ፒች የወረቀት ፍጥነት (በስሌት ብቻ የሚገኘው) በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር፣ የ8 ፒች 85 ነው። አውሮፕላንዎ ፍጥነቱ ወደ 40 ገደማ ሲወርድ ከአየር ላይ የሚወድቅ ከሆነ 85 ይበቃል። 20 በ6 የሚመክርዎ አይጠፋም፤ እሱ 64 ላይ ስለሚቆም ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ትርፍ አይኖርዎትም።

ከመግጠምዎ በፊት ክፍተቱን ይለኩ። አንድ ኢንች ሲጨምሩ የብሌዱ ጫፍ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውሃው ይወርዳል። ጫፉ ከፍሎቱ የላይኛው ገጽ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካላለ በ18 በ8 ይርኩ ወይም የፍሎቱን እግር ያስረዝሙ።

ከዚያ ባሕር ዳርቻው ላይ አውሮፕላኑን ጭራው በኩል በገመድ ጠበቅ አድርገው ያስሩና ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው በዙር መቁጠሪያ ይለኩ። ማንም ሰው ከፕሮፔለሩ ፊትም ሆነ ጎን አይቁም። ከ6,800 እስከ 7,500 ካነበበ ጥሩ ነው። ከ6,500 በታች ከሆነ መጀመሪያ ካርቡሬተሩን ይመልከቱ፤ እሱ ደህና ከሆነ ፕሮፔለሩ ከብዶታል።

ነዳጁን በአንዴ አይስጡ። አፍንጫው ይደፋና ፕሮፔለሩ ውሃ ይጠጣል። ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን የሚያነሳውንና የሚደፋውን የጭራ ክፍል) ወደ ላይ ይዘው ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ፍሎቱ እርከኑ ላይ ሲወጣ ኤሌቬተሩን ያላሉና ሙሉውን ይስጡ። ውሃው እንደ መስታወት ጸጥ ካለ ፍሎቱን ስለሚስብ ትንሽ ሞገድ ያለበትን ይጠብቁ። የእምቦጭ ቁራጭ የሚንሳፈፍበትን ቦታ ግን ይራቁ፤ ግንዱ የውሃ መሪው ላይ ከተጠመጠመ አውሮፕላኑ አይታዘዝዎትም።

ጥያቄ፦ ዘንገና ሐይቅ ላይ ለማብረር አስቤያለሁ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትልቅ ፕሮፔለር ይሻላል ይሉኛል። እውነት ነው? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ግማሹ ብቻ። አየሩ ሲሳሳ ፕሮፔለሩ መቅለሉ እውነት ነው፤ ግን ያንኑ አየር የሚተነፍሰው ሞተርም ደክሟል። ሁለቱ ስለሚቻቻሉ ዙሩ ብዙም አይለወጥም፣ የሚቀንሰው ጉተታው ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለል በ16 በመቶ ያህል ይሳሳል። ዘንገና 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጣናም ሌላ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ያንኑ 19 በ8 ይጠቀሙ፣ ዙሩ ከ6,800 ከወረደ ወደ 18 በ8 ይውረዱ። ዋናው ሥራ ካርቡሬተሩ ላይ ነው፦ የከፍተኛ ዙር ቪቱን (በሙሉ ነዳጅ ጊዜ የሚገባውን ቤንዚን የሚወስነውን) በካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ (የዙር አንድ አሥራ ስድስተኛ) ያጥብቁ። ዙሩ ጣሪያ ላይ ሲደርስ 200 ያህል እስኪወርድ መልሰው ያላሉት። ጣሪያው ላይ ከተዉት ቅባቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚገባ፣ ቤንዚኑ ሲያንስ ሞተሩ ይደርቃል። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለ፣ ዙሪያውን ገደልና ዛፍ ያለበት ነው፤ እየዞሩ ለመውጣት ቦታ ያስቀሩ።

ጥያቄ፦ የእንጨት ፕሮፔለሬ ጫፉ ይሸራረፋል። እንጨቱ መጥፎ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የውሃ ጠብታ ነው የበላው። የ18 ኢንች ፕሮፔለር ጫፍ በ7,000 ዙር በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በዚህ ፍጥነት ጠብታ እንደ አሸዋ ይፍቃል። ጫፉንና የፊት ጠርዙን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፣ ስስ ኢፖክሲ ይቀቡ፣ ከደረቀ በኋላ ባላንሱን ያዩ። ከባዱን ብሌድ ከጀርባው ይፋቁ፣ የተፋቀውንም መልሰው ያሽጉ፤ ክፍት የቀረ እንጨት ውሃ ይመጥና ባላንሱ ይዛባል። ቡሎኖቹን ከመጀመሪያው የሞተር ማስነሳት በኋላ፣ ከዚያም በየበረራው ቀን ያጥብቁ፤ እንጨቱ ስለሚታመቅ ይላላሉ። ካርቦን ፋይበር ከዚህ ሁሉ ያሳርፍዎታል፣ ዋጋው ነው ችግሩ። ብሌዱ ላይ ወይም መሃሉ ላይ ስንጥቅ ካዩ ግን ማጣበቂያ አይፈይደውም፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይገጥመው ለሁለት ሰብረው ይጣሉት።