«ማር እኮ መድኃኒት ነው»

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ዓይነት 2 ስኳር አለባት፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። ስኳር ከተወች ቆይታለች። በምትኩ ከጎጃም የሚመጣላትን ነጭ ማር በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ሻይዋ ውስጥ ትጨምራለች። ጠዋት በባዶ ሆዷ ስንለካት ግን ከ180 አልወርድ አለ። ስነግራት «ማር እኮ መድኃኒት ነው» ትለኛለች። ወንድሜ ከአሜሪካ ስቴቪያ ልኮልናል። እሱ ይሻላል? ቴምርስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ ስኳር መተዋቸው ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜ ልክ የለመዱትን መተው ምን ያህል እንደሚከብድ ክሊኒክ ውስጥ ሁሌም አያለሁ። ስለዚህ እባክሽ አትቆጪያቸው።

ማሩ ግን ስኳር ነው። 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው፣ በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ የሚባሉት የስኳር ዓይነቶች፤ የቀረው በአብዛኛው ውኃ። ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ የጎጃም ማር ቢሆንም ደም ውስጥ ሲገባ ያው ነው። እንዲያውም ማር ከባድ ስለሆነ በማንኪያ ሲለካ ይበልጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። በዚያው ማንኪያ ማር ብትለኪ 7 ግራም ይሆናል፤ ከዚህ 6 ግራም የሚጠጋው ስኳር ነው። እናትሽ በቀን ስድስት ማንኪያ ነው የሚወስዱት። 35 ግራም ገደማ መሆኑ ነው! ስኳሩን ራሱን በስድስት ማንኪያ ቢጠጡት 24 ግራም ነበር።

የጠዋቱን 180 ግን ማሩ ላይ ብቻ አልጥለውም። የማታው እንጀራ መጠንም፣ የመድኃኒቱ ልክም ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹን ጽፈሽ ለሐኪማቸው አሳዪ። ለብዙ አዋቂዎች በባዶ ሆድ የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ነው።

ማሩን በተመለከተ፣ ከእኔም ከአንቺም ይልቅ መለኪያው ቢነግራቸው ይሻላል። የመለኪያው ስትሪፕ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለዚህ ጥቂት ማውጣት ያዋጣል። አንድ ቀን የማር ሻያቸውን ከመጠጣታቸው በፊትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ለኪያቸው። በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ብቻ ባለው ሻይ ድገሚው። ሁለቱንም ቁጥር ራሳቸው ይዩት። ከዚያ ማሩን በአንዴ ሳይሆን ግማሽ ማንኪያ፣ ግማሽ ማንኪያ እያሉ ይቀንሱ። ምላስ ይለምዳል።

ቴምር ፋይበር ስላለው ከማር ይሻላል፤ ግን አንድ ትልቅ ፍሬ እስከ 16 ግራም ስኳር ይይዛል። አንድ ፍሬ በልቶ ማቆም ለሚችል ሰው ክፋት የለውም።

ስቴቪያ ከቅጠል የሚወጣ ማጣፈጫ ነው፤ እሱ ራሱ የደም ስኳርን ከፍ አያደርግም። ማሸጊያውን ግን ገልብጠሽ አንብቢው። ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን የተቀላቀለበት አለ፤ እነዚህ ደግሞ ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ወንድምሽ በሚቀጥለው ሲልክ እነሱ የሌሉበትን ይምረጥ።

አንድ ነገር ግን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወቅ። ግሊቤንክላማይድ ስኳርን ከመጠን በታች ሊያወርድ ይችላል። እናትሽ ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ከ70 በታች ከወረደባቸው ስቴቪያ ምንም አያደርግላቸውም። ያኔ ነው ማሩ የሚፈለገው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስጫቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪያቸው፤ ካልተነሳ ድገሚው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳታደርጊ ቶሎ ሆስፒታል ውሰጃቸው። የማሩን ብልቃጥ ጨርሰሽ ከቤት አታውጪው።