ባለቤቴ ልጃችን ፈረስ ላይ እንዲወጣ አልፈቀደም

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ወንድ ልጃችን ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ምክንያት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። እግሮቹ ይገታተራሉ፤ ሳይደገፍም ብዙ መቀመጥ አይችልም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በፈረስ የሚሰጥ ሕክምና እንድንሞክር መከረችን። እኔ ተስፋ አደረግሁ፤ ባለቤቴ ግን «መሬት ላይ መቀመጥ ያቃተው ልጅ እንዴት ፈረስ ላይ ይቀመጣል?» ብሎ ተቆጣ፤ ከተኮራረፍን ሳምንታት አለፉ። የ11 ዓመት ሴት ልጃችንም «ደግሞ ለእሱ ሌላ ነገር መጣ» ብላ በሯን ዘጋች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የባለቤትዎን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። በቁጣ ቢናገሩትም፣ ማንኛውም ጠንቃቃ ሐኪም የሚያነሣው ጥያቄ ነውና በቅድሚያ እሱን ልመልስ።

ፈረስ በዝግታ ሲራመድ ጀርባው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ይህም ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው ከሚያደርገው እንቅስቃሴ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ስለዚህ መራመድ ያልቻለ ልጅ የእርምጃን ምት ከፈረሱ በዳሌውና በወገቡ ይቀበላል፤ ሚዛኑም በየእርምጃው በጥቂቱ ስለሚናጋ የሆዱና የጀርባው ጡንቻዎች፣ ማንም «ቀና በል» ሳይለው፣ እሱን ለማቅናት ይሠራሉ። የባለቤትዎ ጥያቄ መልስም እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ፈረስ ላይ የሚወጣው መቀመጥን ስለቻለ ሳይሆን መቀመጥን እንዲለማመድ ነው። በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች እግሮቿ የማይታዘዟት ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል፣ ኮርቻ ላይ ለመውጣትና ለመውረድ የሰው እርዳታ እያስፈለጋት፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳሊያ አግኝታለች።

ልጅዎ ብቻውን አይጋልብም። አንድ ሰው ፈረሱን ይስባል፤ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ እየተራመዱ ልጁን ይደግፋሉ፤ ባለሙያዋ ደግሞ ሕክምናውን ትመራለች። ፈረሱ ረጋ ያለና ለዚሁ ተብሎ የሠለጠነ ሲሆን፣ ልጁም ሄልሜት ያደርጋል። ሆኖም ዳሌው ከመጋጠሚያው የወጣ፣ የጀርባ አጥንቱ በጣም የተጣመመ ወይም በመድኃኒት ያልተገታ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ፈረስ ላይ እንዲወጣ አይመከርም፤ ስለዚህ አስቀድሞ የዳሌው ራጅ በሐኪም መታየት አለበት። ይህ ሕክምና በሽታውን አያጠፋም፣ የተለመደውን ፊዚዮቴራፒም አይተካም፤ ተስፋዎን በዚሁ ልክ ቢይዙት እመርጣለሁ።

ባለቤትዎ ለ7 ዓመታት ልጃቸው እንዳይወድቅ ሲጠብቁ የኖሩ አባት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው በክርክር ፍርሃቱን አይጥልም። ስለዚህ ፈቃዳቸውን አይጠይቁ፤ ልጁ ፈረስ ላይ ሳይወጣ አንድ ቀን ብቻ አብረው ሄደው እንዲያዩ ይለምኗቸው። ፈረሱን በእጃቸው ይዳስሱት፤ የሚደግፉትን ሰዎች «ቢንሸራተት ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ራሳቸው ይጠይቁ። የሐኪሙንም መልስ አብራችሁ ስሙ፤ ሐኪሙ ከከለከለ ልጁ ፈረሱን መቦረሽና ጋማውን መዳበስ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ውሳኔው የአንዳችሁ ድል እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ከቤተሰቦች ጋር ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ልጁ ፈረስ ላይ ሲወጣ እናት ከአጥሩ ውጭ ትቀራለች፤ እጆቿ ግን አሁንም ልጅ እንደታቀፉ ወደ ፊት ተዘርግተው ይቆያሉ። ዝቅ የሚሉት ከብዙ ዙር በኋላ ነው። ልጁን ሌሎች ሰዎች የሚይዙበት ያ ግማሽ ሰዓት ለወላጆች ብርቅ ነው፤ ለእኔ የዚህ ሕክምና ትልቁ ስጦታ ይህ ነው። አንድ ሳምንት እርስዎ፣ ቀጥሎ ባለቤትዎ ልጁን ይውሰዱ፤ ቤት የቀረው ወላጅ ያን ሰዓት ለሴት ልጃችሁ ይስጥ።

የእሷን ንግግር ቅናት ብለው አይለፉት፤ ስንት ጊዜ ተራዋን ለወንድሟ እንደለቀቀች እየቆጠረች ነው። ራሷ ካልጠየቀች በቀር የወንድሟ ረዳት ሆና ወደ ፈረሱ እንድትሄድ አያድርጉ። ዛሬ ማታ በሯን አንኳኩተው ይግቡ፤ ስለ ፈረሱ ምንም ሳያነሡ አጠገቧ ይቀመጡ።