መልስ፦ ነጥብ በሌለው ጁ-ጂትሱ ማን ያሸንፋል?

ወንድሜ፣ ጁ-ጂትሱ በማነቅ ወይም መገጣጠሚያ በመቆለፍ ተጋጣሚን እጅ የሚያሰጡበት ትግል ነው፤ አንተም ከኮምቦልቻ ሆነህ «ነጥብ ከሌለ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ማን ያሸንፋል?» ብለሃል። እንደየውድድሩ ነው። በ2012 እንደ ፈረንጆቹ የተጀመረው ሜታሞሪስ የተባለ ውድድር 20 ደቂቃ ያጋጥም ነበር። በመጀመሪያው ውድድር ማንም እጅ ካልሰጠ አቻ ነበር። ኢቢአይ የተባለው ሌላ ውድድር ግን ከ10 ደቂቃ በኋላ እስከ ሦስት ተጨማሪ ዙር ይሰጣል። ተራ በተራ ጀርባ ይዛችሁ (ከኋላ ተጣብቃችሁ) ወይም ክንድ ልትቆልፉ ተዘጋጅታችሁ ትጀምራላችሁ። ካልተለየ በድምሩ ፈጥኖ ያመለጠው ያሸንፋል።

እኔ የኢቢአይን እወዳለሁ። በተለመደው ውድድር ጀርባ መያዝ 4 ነጥብ ነው። ከዚያ ይዞ ሰዓት መግደል ይመጣል። እዚህ ግን በመያዝ ብቻ ነጥብ ስለሌለ ለማነቅ ወይም ለመቆለፍ መሞከር አለብህ። ደሴ ከጓደኞቼ ጋር የምንለማመደውም እንዲህ ነው።

አደራ፣ ክንድህ ሲዘረጋ አትገግም። እጅ መስጠትህን ለማሳወቅ ቶሎ ተጋጣሚህን መታ መታ አድርግ። ወደኛ ስትወጣ ደግሞ በደንብ አሟሙቅ፣ የደሴው የጦሳ ተራራ ብርድ እንደ ኮምቦልቻ አይደለም።