ለጀማሪ ርካሽ ቬፕ የትኛው ነው ላልከው ወንድም

ጥያቄህን ላሳጥረው። በቀን 10 ፍሬ ገደማ ታጨሳለህ፣ የሲጋራ ዋጋ አልቀመስ ብሎሃል፣ እዚሁ አዳማ ሁለት ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ቀርቦልሃል። አንዱ ላዩ ላይ 18 ሚሊ ሊትር፣ 5%፣ 12,000 ፓፍ (12,000 ጊዜ ይሳባል ማለት ነው) የሚል፣ ሲያልቅ የሚጣል ነው። ሌላው ካርቶን የሌለው ያገለገለ ፖድ፣ ፈሳሽ እየተሞላ የሚሠራ። ከሁለቱ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል ነው ያልከው። የእኔ መልስ ሁለቱም ይቅሩብህ ነው። ግን "ይቅርብህ" ብሎ ማለፍ መልስ ስላልሆነ ምክንያቱን ልዘርዝረው።

ሕጉን ቶሎ ብለን እንለፈው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን እንደ ሺሻው ሁሉ ከልክሏል፤ ማስገባቱንም፣ ማከፋፈሉንም፣ መሸጡንም። የሆነ ቦታ ተደርድሮ ብታየው ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ይሄ ለገዢው ምን ማለት መሰለህ? ደረሰኝ የለም፣ የሚመረምረው የለም፣ ሲበላሽ የሚመልስልህ የለም። "ኦሪጅናል ነው" የሚለው ማረጋገጫ ከሻጩ አፍ አያልፍም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ኮድ ጭሮ ማየትም ብዙ አያስተማምንም፤ ፎርጅዱም የራሱን ኮድና የራሱን ድረ ገጽ ይዞ ነው የሚመጣው።

አሁን የሚጣለውን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። 5% ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ማለት ነው። 18 ሚሊ ሊትር ሲሆን 900 ሚሊ ግራም። ከአንድ ፍሬ ሲጋራ ሰውነት የሚወስደው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ያህል ስለሆነ፣ አንተ አሁን በቀን 10፣ ቢበዛ 20 ሚሊ ግራም ላይ ነህ። ዕቃውን በሁለት ሳምንት ጨረስከው እንበል። ግማሹ ብቻ ወደ ደምህ ገባ ብለን ብንቀንስልህ እንኳ በቀን 32 ሚሊ ግራም ነው። ሱስህን ልታቀል ገብተህ እጥፍ አድርገኸው ትወጣለህ። አውሮፓ ኅብረት ጣሪያው በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው፤ ያንተ ከዚያ በሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል።

ጠንካራ ከሆነ ለምን ጉሮሮ አያቃጥልም ትል ይሆናል። በእነዚህ ውስጥ ያለው የኒኮቲን ጨው የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ነው። አሲድ ተጨምሮበት ስለሚለዝብ በሲጋራ ሊያስልህ የሚችለው መጠን እዚህ እንደ ከረሜላ ያልፍልሃል። በዚያ ላይ ሲጋራ ተጨሶ ያልቃል፣ ቁራጩን ጥለህ ትነሳለህ፤ ይሄ ግን "በቃ" የሚልህ ነገር የለውም። ፊልም እያየህ፣ ስልክ እያወራህ ትስበዋለህ። ጀማሪን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብና የልብ ምት መፍጠን የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙዎች ግን ምሳ ያልተስማማቸው ይመስላቸዋል። 12,000 ፓፍ የሚለውን ደግሞ እርሳው። አጭር አጭር እየተሳበ የተቆጠረ ነው፤ ሲጋራ የለመደ ሰው ረጅም ስለሚስብ ግማሹንም ላይደርስ ይችላል።

ያገለገለው ፖድ በአሠራር የተሻለ ነው፣ ያንን አልክድም። ኒኮቲኑን የምትመርጠው አንተ ነህ፣ የሚቀየረውም ኮይሉ፣ ማለትም ጥጥ ያለበት ፈሳሹን የሚያሞቀው ሽቦ፣ ብቻ ነው። ለሲጋራ አጫሽ የሚስማማው ከ0.8 እስከ 1.2 ኦም (የሽቦው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ያለው ኮይል ነው፤ አሳሳቡ እንደ ሲጋራ ጠበብ ይላል፣ ፈሳሽም አይፈጅም። ከ0.5 በታች ያለው በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚሳብ፣ ጭሱን እንደ ደመና የሚለቅ ነው፤ ለጀማሪ አይሆንም። ችግሩ ኮይሉ የፍጆታ ዕቃ መሆኑ ላይ ነው። በደህና ጊዜ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው፤ ፈሳሹ በጣም ጣፋጭ ከሆነ በሳምንት ይደፈናል፣ ምክንያቱም ማጣፈጫው ሽቦው ላይ እንደ ካራሜል አርሮ ይጋገራል። የዚያኑ ሞዴል ኮይል በሕጋዊ መንገድ የምታገኝበት ሱቅ ከሌለ፣ "ርካሽ" ያልከው ዕቃ በሦስተኛው ሳምንት ኪስ ውስጥ የሚዞር ባትሪ ነው።

ኮይል ሳይቀየር ሲቀር የሚሆነውን ደግሞ ልብ በል። ጥጡ ይደርቃል፣ ሽቦው ፈሳሹን ሳይሆን ጥጡን ራሱን ይጠብሳል። አፍህ ውስጥ የሚመጣው ጨርቅ በካውያ ሲቃጠል የምታሸተው ዓይነት ነው። ያ ጣዕም ሲመጣ ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን የሚባሉ መርዛማ ኬሚካሎች እየሳብክ ነው፤ አንድ ሁለቴ ስበህ "ይለቃል" የሚባል ነገር የለም። በአዲስ ኮይልም ሊመጣ ይችላል። ፈሳሽ ተሞልቶ ጥጡ እስኪጠጣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ካልተጠበቀ፣ ወይም ፋታ ሳይሰጡት ተደጋግሞ ከተሳበ ይደርቃል። ወፍራም ፈሳሽ፣ ግሊሰሪኑ 70% የሆነው፣ ለትንሽ ፖድ ከባድ ነው፤ ቀዳዳው ስለማያሳልፈው ያው ይቃጠላል። ለእንዲህ ዓይነቱ የሚሆነው ግሊሰሪኑና ቀጭኑ ፈሳሽ (ፕሮፒሊን ግላይኮል) እኩል በእኩል የሆኑበት ነው።

"ይንጠባጠባል፣ ተበላሽቶ ነው" የሚሉ ሰዎች ደግሞ አሉ። አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንደ ዱባይና ጂቡቲ ካለ ባሕር ዳርቻ ተሞልቶ የመጣ ፖድ እዚህ ሲደርስ ውስጡ የታሰረው አየር ይነፋና ፈሳሹን በአፍ መሳቢያው ያስወጣዋል። ሙቀቱም አለ፤ በከተማችን የቀትር ፀሐይ መኪና ውስጥ ወይም ባጃጅ መስታወት ሥር የተቀመጠ ፈሳሽ ይቀጥናል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ባትሪውም ይጎዳል። ያፈሰሰው ፈሳሽ ቆዳ ከነካ ወዲያው በውሃና በሳሙና ይታጠባል። ሕፃን ቤት ካለ በጣም አስጊ ነው፤ የፍራፍሬ ሽታ ያለው ጠርሙስ ለልጅ ጁስ ነው፣ ትንሽ ጉንጭም ሊመርዝ ይችላል። ልጅ ከቀመሰው ጠርሙሱን ይዞ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ባትሪ ላይ አጭር ልበል። ርካሾቹ መከላከያ ሰርኪታቸው ደካማ ነው። የስልክ ፈጣን ቻርጀር ላይ ሰክቶ መተኛት፣ ወይም መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደተሰካ መተው አያዋጣም። ያበጠ፣ የሚግል፣ ጣፋጭ ኬሚካል የሚሸት ከሆነ ከእንግዲህ አይሰካም፤ የሚቀጣጠል ነገር የሌለበት ሲሚንቶ ላይ ውጭ ይቀመጥ። ከቆሻሻ ጋር አብሮ እንዳይቃጠል፣ ይፈነዳል።

እንግዲህ ለዕቃው ያሰብካትን ብር ምን ላድርጋት ካልክ ፋርማሲ ጠይቅ። የኒኮቲን ማስቲካና የሚለጠፍ ፕላስተር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። ከእንቅልፍ በተነሳህ በ30 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያዋን የምትለኩስ ከሆነ ማስቲካው ባለ 4 ሚሊ ግራም፣ ቆይተህ ከሆነ ባለ 2። እንደ ባናና ማስቲካ አይታኘክም። ቀስ ብለህ ታኝካለህ፣ ምላስህን መቆንጠጥ ሲጀምር ጉንጭህ ሥር ታስቀምጠዋለህ፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ታኝከዋለህ፤ አንዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄዳል። የሚውጡትና ቶሎ ቶሎ የሚያኝኩት ናቸው ስቅታና ቃር ይዟቸው "አይሠራም" የሚሉት። ከማስቲካው 15 ደቂቃ በፊትና በአፍህ ሳለ ቡናም ለስላሳም አትጠጣ፤ አሲዱ ኒኮቲኑ በአፍ እንዳይመጠጥ ያደርገዋል። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በየ1 ወይም 2 ሰዓት አንድ፣ ከዚያ እየራቀ ይሄዳል፣ ሁሉም በ12 ሳምንት ያልቃል።

ጫት የምትቅም ከሆነ ማስቲካውን ተወው፤ ጉንጭ ለሁለት አይበቃም፣ ሲጋራውም የሚበዛው ያኔ ነው። ፕላስተሩ ይሻልሃል። ለ10 ፍሬና ከዚያ በታች ባለ 14 ሚሊ ግራም ለ6 ሳምንት፣ ቀጥሎ ባለ 7 ለ2 ሳምንት። በየጠዋቱ ፀጉር የሌለው ደረቅ ቆዳ ላይ፣ በየቀኑ ቦታ እየቀየርክ። ሌሊት ቅዠት ካበዛብህ ማታ አንሳው። ልብ ሕመም ካለብህ ግን ቅድሚያ ሐኪም ይይህ።

ቡና ወዳጅ ከሆንክ አንድ ነገር ላክል። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ጭሱ ሲቀር ያው የለመድከው ሦስት ስኒ እንደ ስድስት ሊሆንብህ ይችላል። እጅ መንቀጥቀጡንና እንቅልፍ ማጣቱን ሰዉ "ሲጋራው ናፈቀኝ" ብሎ ይተረጉመውና ተመልሶ ይለኩሳል። በመጀመሪያው ሳምንት አቦልና ቶናው ይበቃሃል፣ በረካውን ለሌላ ሰው ስጥ።